ሱባኤ የገባ መፍጫ

«ምእመናን ሆይ፤ ስሙ! መብራት ጠፍቷል።»

የወይራ ማርያም አስተዳዳሪ መምሬ ገብረ ሥላሴ ይህን ያወጁት ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ቆመው፣ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ ጉሮሯቸውን ደጋግመው ከጠረጉ በኋላ ነው። አዋጁን የሰማ ሰው ንጉሥ የሞተ እንጂ አምፖል የጠፋ አይመስለውም። እስቴ ውስጥ መብራት ጠፋ ማለት በነሐሴ ዘነበ እንደማለት ነው፤ ማንም ከሥራው ቀና ብሎ አያይም። በግቢው የሰፈረው ሱባኤተኛ ግን በአንድ አፍ «እግዚኦ!» አለና በረዥሙ ተነፈሰ።

ካሣነሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ የተነፈሰውን ሁሉ በዓይኗ ትለቅም ጀመር። ዓለም በቃኝ ብሎ፣ ቤቱን ዘግቶ፣ ለፍልሰታ ጾም ጎጆ የገባ ሰው መብራት ቢጠፋ ምን አስጨነቀው? ከደብረ ታቦር የመጡት ጡረተኛ ሾፌር አቶ ፈንታ ጭራሽ ራሳቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አጠገቧ የቆሙት ወይዘሮ የሻረግ ደግሞ፣ እኒያ በጾማቸው ስማዳን ያስደነቁት ሴት፣ አንገታቸውን አስግገው ጠየቁ።

«መቼ ይመጣል አሉ፣ መምሬ?»

«እግዜር ያውቃል። መስመሩ ላይ ዛፍ ወድቋል።»

«ለመጽሐፌ ብዬ እኮ ነው» አሉ የሻረግ፣ ማንም ምክንያት ሳይጠይቃቸው።

የሻረግ ፊደል እንዳልቆጠሩ ካሣነሽ ታውቃለች። ነገሩን በልቧ ያዘችው። ከመያዝ በቀር ግን ምንም ልታደርግበት አትችልም፤ «ለምን መብራት ፈለጉ?» ብሎ መጠየቅ «አንቺስ?» የሚል መልስ ያመጣል። የእሷ ጎጆ ውስጥ ደግሞ፣ ከፍራሹ ጀርባ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ጁስ መፍጫ አለ።

ካሣነሽ መካነ ኢየሱስ ከተማ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መዝገብ ቤት ትሠራለች። የዓመት ፈቃድ ሲደርሳት አንዳንዱ ባሕር ዳር ወርዶ ሐይቅ ሲያይ፣ ሌላው ዘመድ ሲጠይቅ፣ እሷ ሶፋዋ ላይ ጋደም ብላ ነበር የምትጨርሰው። ዘንድሮ ፈቃዷን ይዛ ወይራ ማርያም የመጣችው በልጇ በትዕግሥት ምክንያት ነው። ትዕግሥት በስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ ስታስተምር መሐሪ ከሚባል የእርሻ ባለሙያ ጋር ተዋደደች። መሐሪ የየሻረግ የመጨረሻ ልጅ ነው። የሻረግ ሽማግሌ እንዲልኩ ቢለመኑ እጃቸውን አጣጥፈው፣

«ልጅቱን አይቻታለሁ፤ አልጠላኋትም። እናቷን ግን አላውቃትም። ሰው የሚታወቀው ሱባኤ ላይ ነው። ፍልሰታን አንድ ግቢ እንጹም። ሲፈታ ወይ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ወይ ደኅና ሁኑ እላለሁ» አሉ።

መሐሪ እናቱን የሚደፍር ልጅ አይደለም። ትዕግሥትም ዓይኗ ከእሱ ሌላ ሰው ላይ አላረፈም። እንግዲህ የሁለቱ መጋባትና መለያየት በካሣነሽ ጾም ላይ ተንጠለጠለ።

ጾሙ ባልከፋ። የከፋው ጥርሷ ነው። አምና መንጋጋዎቿን አስነቅላ ከፊት ለፈገግታ ያህል የቀሩ ብቻ አሏት። የወይራ ማርያም ወግ ደግሞ ጥሬ ነው። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ገብረ ሥላሴ በእጃቸው እየዘገኑ ውሃ ውስጥ ያደረ ሽንብራ ለእያንዳንዱ ያድላሉ፤ የዕለቱ ምግብ እሱ ነው። በሶ የሚሰጠው ለበሽተኛ ብቻ ነው።

«በሶ ጠይቂያ፣ እማ» ብላት ነበር ትዕግሥት ዕቃ ሲያሰናዱ።

«ልጠይቅና ያቺ ሴትዮ ‹ምን በሽታ ነው? በዘር ይሄዳል ወይ?› ብላ ቅድመ አያቶቼን ታስቆጥረኝ? ይልቅ መፍጫውን አምጪ።»

መፍጫው መጣ። መፍጫው ከመጣ ዘንድ ውሃ ማፍያውም መጣ፤ ነሐሴ ብርድ ነው። ውሃ ማፍያው ከመጣ ፍራሹን ምን ያስቀረዋል? እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው በገመድ አሰሩትና የዳዊት መጽሐፍ ከላዩ አስቀመጡበት። ከአምፖሉ አፍ ላይ ተገጥሞ እንደ ሶኬት የሚያገለግለው ነገር በትዕግሥት ካልሲ ውስጥ ገባ። ዕቃው የባጃጁን ኋላ ሲሞላው ትዕግሥት ቆም ብላ አየችው።

«እማ፣ ሱባኤ ነው ወይስ ቤት እየለቀቅን ነው?»

«ዝም ብለሽ ያዢ። ላንቺው ነው።»

ግቢው ሲደርሱ ካሣነሽን ያስደነገጣት የራሷ ዕቃ ብዛት አልነበረም፤ የሌላው ነው። አቶ ፈንታ «ቁርበት ነው» ያሉት ጥቅል ሲያወርዱት እንደ ብረት ጮኸ። መምሬ ገብረ ሥላሴ የሱባኤውን ደንብ ሲነግሩ፣ «በየጎጆው የገባው መብራት ለመጽሐፍ ማንበቢያ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር የሰካ ሱባኤው ፈርሷል» አሉና ለቡራኬ መስቀላቸውን ዘረጉ። ካሣነሽ ስትሳለም እጅጌያቸው ግንባሯን ነካት። ሞቀ ያለ ነበር። በዚያ ዝናብ የሰው ሁሉ ነጠላ ሲንጠባጠብ የመምሬ ካባ በአንድ ጎኑ ደረቅና ትኩስ ነው። «ጸጋ ይሆን?» ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ፣ «ጸጋ ከሆነ ለምን ከአንድ ጎን ብቻ?» ብላ ተጠራጠረች።

ከሁሉ ያጠራጠሯት ግን የሻረግ ናቸው። ጎጆዋቸው ከእሷ ጎጆ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ግድግዳውም ጭቃ የተለሰነ የማሽላ አገዳ ነው፤ ሳል ያሳልፋል። እንኳን ደኅና ገቡ ልትል በሄደች ጊዜ ከአንድ አጎዛ በቀር የተነጠፈ ነገር አላየችም፤ ልቧ ዝቅ አለ። ከግድግዳው ጥግ ግን በቀይ መጋረጃ የተሸፈነ ሰፊ ነገር ቆሟል። ካሣነሽ አማተበችና ጎንበስ ብላ የመጋረጃውን ጫፍ ሳመች።

«የእመቤታችን ናት?»

«አይንኳት እባክዎ» አሉ የሻረግ በድንጋጤ። «ትሰበራለች።»

ካሣነሽ ጎጆዋ ተመልሳ ብዙ አሰበች።

«ትዕግሥት።»

«አቤት።»

«ሥዕለ ማርያም ጥቁር ገመድ አላት?»

«መስቀያዋ ይሆናላ።»

«መስቀያው ከታች?»

ትዕግሥት የራሳቸውን መፍጫ በጋቢው ደኅና አድርጋ ሸፈነችው።

መጀመሪያ ላይ ኑሮው መልካም ነበር። ከትልቁ ወይራ ላይ የተሰቀለው የድምፅ ማጉያ ጸሎቱን ለሰባት ቀበሌ ያሰማል፤ ማይኩ ሲጮኽ መፍጫው ይጮኻል፤ ማይኩ ሲያርፍ መፍጫው ያርፋል። ካሣነሽ በየቱ ጸሎት ምን ያህል ሽንብራ እንደሚደቅ ለይታ ነበር። የመፍጫው ማዞሪያ ባጃጁ ላይ ተሰብሮ ስለወደቀ በማንኪያ ጭራ ነው የምታዞረው፤ የተፈጨውን በለብ ያለ ውሃ በጥብጣ ትጠጣና ወጥታ፣ በቀሩት የፊት ጥርሶቿ አንዲት ፍሬ ይዛ፣ የሻረግ እያዩዋት ስትቆረጥም ትውላለች። ያቺው ፍሬ ለሳምንት ትበቃት ነበር።

ከዚያ ነው መብራት የጠፋው።

በማግስቱ መምሬ ያደሏትን ሽንብራ ጉንጯ ውስጥ አገላብጣ አገላብጣ አቃታት። የቻለችውን እንደ ኪኒን ዋጠች፤ ሆዷ እንደ ጠጠር ጆንያ ተንኳኳ። የቀረውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሲመሽ ከጎጆው ጀርባ በተነችው። በሦስተኛው ቀን ቀለበቷ ከጣቷ ወለቀ። ትዕግሥት አየቻትና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ተይው፣ እማ። ሄደሽ በሶ ጠይቂ። መሐሪ ቢቀር ይቅር።»

«ይቅር የሚል ሰው ሌሊት ሌሊት ፎቶውን እያየ የስልኩን ባትሪ አይጨርስም» አለች ካሣነሽ። «አርፈሽ ተቀመጪ።»

ከቅዳሴ በኋላ የሻረግ ከጎኗ ተቀመጡ። ሁለቱም እፍኝ እፍኝ ሽንብራቸውን በነጠላቸው ይዘዋል።

«ምነው ከስተዋል፣ ወይዘሮ ካሣነሽ? ጾሙ ከበደዎት እንዴ?»

«ኧረ እኔስ ተመችቶኛል። እርስዎ ነዎት እንጂ የጠቆሩት።»

«እኔ? እኔማ ሽንብራ ስቆረጥም ነው ያደግሁት።»

«እሱስ ይሆናል። ድምፁ አልሰማ ብሎኝ ነው።»

የሻረግ ማኘካቸውን አቆሙ። «ጨዋ ሰው አፉን ገጥሞ ነው የሚያኝክ» አሉ።

«እውነትዎን ነው» አለች ካሣነሽ፤ አፏን ገጠመች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዷ የሌላዋን ጉንጭ ትጠብቅ ጀመር። ካሣነሽ የሻረግ ዳቦ ደብቀዋል ብላ ጠረጠረች። ማታ ማታ ከግድግዳው ማዶ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ትሰማለች፤ ማብሪያ ማጥፊያ የሚነካ ሰው ይመስላል። መብራት በሌለበት ማጥፊያ የሚነካ ምን ያለ ሰው ነው? የራሷን ማንኪያ ከመፍጫው ላይ ስታነሳ ግን ጥያቄውን ተወችው።

አንድ ማለዳ ነጠላ ልታሰጣ ወደ ጎጆው ጀርባ ዞረች። ዞራም ቀረች። የጣለችው ሽንብራ በቅሏል። ዝናቡ ተስማምቶት ለምለም አረንጓዴ ሆኗል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሳይሆን ገበሬ የዘራው ይመስላል። ልትነቅለው ጎንበስ ስትል ዓይኗ ወደ ቀኝ ሄደ። ከየሻረግ ጎጆ ጀርባም በቅሏል፤ የእሳቸው እንዲያውም ከእሷ የደመቀ ነው። ከአቶ ፈንታም ጀርባ አለ። ራቅ ብሎ፣ ከመምሬ ገብረ ሥላሴ ክፍል ጀርባ፣ መስክ ነው።

«ሽንብራ በነሐሴ ዝናብ ማን ይዘራል?» ስትል የሻረግ ከማዶ ማዕዘን ብቅ አሉ። እሳቸውም የሚነቅሉት ነገር ያላቸው ይመስላሉ። ቡቃያውን አዩ፤ ካሣነሽን አዩ፤ ደግሞ ቡቃያውን አዩ።

«የዘንድሮ ወፍ» አሉ በመጨረሻ፣ «እህል ያባክናል።»

«ወፍ ነው» አለች ካሣነሽ።

«ክፉ ወፍ ነው።»

ሁለቱም ምንም ሳይነቅሉ ወደየጎጆዋቸው ተመለሱ።

ካሣነሽ ያን ዕለት ፍራሿ ላይ ተጋድማ አንድ ዘዴ አወጣች። መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሲመጣም ምናልባት ለጥቂት ደቂቃ ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በቅዳሴና በትምህርት ላይ ናት። ስለዚህ ሽንብራውን ከውሃ ጋር ሞልታ፣ መፍጫውን ሰክታ፣ ማንኪያውን ወደ ማብሪያው አዙራ ትወጣለች። መብራት ሲመጣ መፍጫው በራሱ ይፈጫል።

«ድምፁስ?» አለች ትዕግሥት።

«ሞኝ! መብራት ከመጣ ማይኩም አብሮ ይመጣል። ማይኩ ካለ ማን ይሰማል?»

ትዕግሥት አሰበችበት። ስህተት አላገኘችበትም። እውነትም ስህተት የለበትም ነበር፤ ይህንኑ ሒሳብ በዚያ ግቢ ያላሰበው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው የተበላሸው።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ መምሬ ገብረ ሥላሴ ሕዝቡን ከትልቁ ወይራ ሥር ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ዝናቡ ለጊዜው አርፏል። ማይክ ስለሌለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ዝምታ አስተማሩ።

«የዛሬ ሰው ዝምታ አያውቅም» አሉ። «ዝም ቢል የገዛ ልቡን ድምፅ ይሰማ ነበር። እስቲ ልጆቼ፣ አሁን ሁላችን ዝም እንበልና ልባችን የሚለውን እንስማው።»

ሁሉም ዝም አለ። ነጠላ የሚያስተካክል እንኳ አልነበረም። ከወይራው ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል።

ከደጀ ሰላሙ በላይ ያለው አምፖል በራ።

ካሣነሽ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና አለች። የሻረግም ቀና አሉ። አቶ ፈንታም ቀና አሉ። ግቢው በሙሉ አንገቱን ሰቅሎ ማጉያውን እንደ ሰማይ በር አየው። ማጉያው ግን ጭጭ አለ።

ጭጭ ያላለው ሌላው ነው። መጀመሪያ ከካሣነሽ ጎጆ መፍጫው አጓራ፤ ጠጠር የሚያደቅ ወፍጮ ነበር የሚመስለው። ቀጥሎ ከአቶ ፈንታ በኩል የሚንተከተክ ነገር ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ የሽሮ ሽታ በነፋሱ መጣ። ከሩቆቹ ጎጆዎች አንዱ አፏጨ፤ ሌላው «ጢት» አለ፤ ሌላው ዘፈን ጀመረና በራሱ አፍሮ ይመስል ተቋረጠ። ከዚያ ከየሻረግ ጎጆ፣ ከቀዩ መጋረጃ ጀርባ፣ አንዲት ሴት ግቢውን በሚያናጋ ድምፅ ጮኸች።

«አንተ ከሃዲ! ልጁ የማን እንደሆነ ዛሬ ትነግረኛለህ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ ተነስቶ ሊያጠፋ የሄደ ሰው ባለቤቱ መሆኑን ነገረ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ልቡን እያዳመጠ ነው። የሻረግ የወይራውን ግንድ አትኩረው ይመለከታሉ። አቶ ፈንታ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው፣ «የማን ቤት ነው እባካችሁ ጾም የሚያፈርስ?» አሉ፤ ሆዳቸው ግን ከእሳቸው ቀድሞ መለሰ። ካሣነሽ በመፍጫው ድምፅ ውስጥ ሞተሩ ሲታፈን ይሰማታል። ይቃጠላል። ቢቃጠል ደግሞ ጎጆው የሣር ክዳን ነው። ብትነሳ የልጇ ነገር እዚህ ላይ አበቃ። ትዕግሥት ከሴቶቹ መካከል ሆና አይታታለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ካሣነሽ ጉልበቶቿን ይዛ ተቀመጠች።

«ልጁ የእኔ አይደለም! አይደለም!» አለ አንድ ወንድ ከመጋረጃው ጀርባ።

ያን ጊዜ የሚያር የሱፍ ጨርቅ ሸተተ።

መምሬ ገብረ ሥላሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው ነበር። ሽታው ሲደርሳቸው አንዱን ዓይን ገለጡ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ትከሻቸው ሄደ፤ ትከሻቸው ላይ ነጠላ እንጂ ካባ የለም።

«ቃሉን በልባችን ያሳድርልን» አሉ፤ በክብር ዞረው በክብር ጥቂት ተራመዱ፤ ከዚያ ሮጡ።

በራቸው ወለል ብሎ ተከፈተ። የውስጡን ሰው ሁሉ አየው። የድምፅ ማጉያው ገመድ ተነቅሎ ከወለሉ ተጥሏል፤ በእሱ ሶኬት የተሰካው ማሞቂያ እንደ ፍም ቀልቶ ይነፋል፤ በላዩ የተሰጣው ጥቁር ካባ ይጨሳል።

ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደተነሳ ማንም አልለየም። ግቢው ሁሉ ብድግ አለ። ሰው በየአቅጣጫው፣ እርስ በርሱ ሳይተያይ፣ ወደየጎጆው ፈጠነ። ድምፆቹ አንድ በአንድ ሞቱ። ካሣነሽ ገብታ ማንኪያውን ያዘችና መፍጫውን አጠፋችው። ሞተሩ ትኩስ ነው። ሽንብራው ልሟል። እያየችው እዚያው ፍራሿ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የልጇን ሠርግ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ፈጭታ የጨረሰችው መሰላት።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

የሻረግ ናቸው። ፍራሹን አዩ። ውሃ ማፍያውን አዩ። መፍጫውንም ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ካሣነሽ መፍጫውን በነጠላዋ ለመሸፈን ሞከረች።

«ወይዘሮ የሻረግ፣ እኔ...» አለች።

የሻረግ አላስጨረሷትም። ከነጠላቸው ሥር ጎድጓዳ ሳህን አወጡ፤ የዛሬውም የትናንቱም ሽንብራ አንድ ፍሬ ሳይጎድል አለበት። አፋቸውን ከፈት አድርገው በጣታቸው ወደ ውስጥ አመለከቱ። ከፊት ጥርሶቻቸው በስተኋላ ድዳቸው እንደ ሕፃን ድድ ልሙጥ ነው።

«ይቺንም ጨምሪያት» አሉ፤ ካገኟት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ማለታቸው ነው። «ደቀቅ አድርጊልኝ።»

ካሣነሽ ሳህኑን ተቀበለች። ሽንብራውን ብርጭቆው ውስጥ ገለበጠችው። ከግድግዳው ማዶ የመጋረጃው ቀለበት ሲንሸራተት ተሰማ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ድራማው እንደገና ጀመረ።

«እማ!» አለች ከየሻረግ ጎጆ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠችው ትዕግሥት። «ልጁ የእሱ ነው ለካ!»

«መቼ አጣሁት» አሉ የሻረግ፤ ከፍራሹ ላይ ቁጭ አሉና በመዳፋቸው ልስላሴውን ሞከሩት። «ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ታዲያ ቆሎ እንዳታቀርቢ። እነሱም እንደኛው ናቸው።»

ካሣነሽ ማንኪያውን አዞረችው።